ለመድኃኒት የታጣው ገንዘብ ለድንኳን ተገኘ

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቼ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቁልቁል ስወርድ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ የቆመ አንድ አሮጌ ሚኒባስ አየሁ። በጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮአል፤ በጎኑ ላይ የአንድ ወጣት ትልቅ ፎቶግራፍ ተለጥፎአል። ከፎቶግራፉ ሥር የሐኪሞች ቦርድ የሰጠው ማስረጃ፣ ከማስረጃው ሥር ደግሞ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ጎልቶ ታትሟል። ከውስጥ የተቀመጠው ሰው ድምፁ እስኪሰልል ድረስ የወጣቱን ስምና የሕመሙን ዓይነት ይናገራል። ሕመሙ ካንሰር ነው። ሁለት ልጆች የካርቶን ሣጥን ይዘው በእግረኛው መካከል ይመላለሳሉ፤ አንዱ ዐሥር ብር፣ ሌላው ሃምሳ ብር እየጣለ ያልፋል። አንድ ጫማ ጠራጊ ልጅ የዕለት ገቢውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሳይቆጥር፣ ከፍሎ ሲጥል አይቼ እኔም የምችለውን ጣልሁ። ደግነታችን አላለቀም፤ ይህ ደስ ያሰኛል።

ጥቂት እንደ ተራመድሁ ግን ከሱቁ ደጃፍ የቆመ አንድ ነጋዴ ለባልንጀራው፣ «ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» ሲል ሰማሁ። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። ከሱቁ ፊት ለፊት በየጊዜው አዲስ ፎቶግራፍ ሲቆም የሚያይ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊል ይችላል? ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ2022 ባወጣው ግምት መሠረት፣ በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ 80 ሺሕ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ አዲስ ይያዛሉ። ከእነርሱ መካከል በሚኒባስ ላይ ፎቶግራፋቸው የሚወጣላቸው እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ተራቸው የሚደርሰው በየቤታቸው ነው።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን በየቀኑ ከሚሻገረው ሕዝብ መካከል ድልድይ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም፤ በግራና በቀኝ የሚታየው ሱቅና ሸቀጥ ብቻ ነውና። ስሙን የሰጡት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት፣ በ1919 ዓ.ም. ያረፉት፣ በፍርድ ዐዋቂነታቸው ብዙ የሚነገርላቸው ሰው ናቸው። ከዚህ በታች የማወጋው ነገር ለእርሳቸው ችሎት የሚገባ ነበር እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ነገሩን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤቴ ነው። ከድልድዩ ማዶ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሕፃናት ልብስ እየሸጠች ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት ነበረች። በጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት አንድ ዓመት ያህል ለማንም ሳትናገር ከቆየች በኋላ፣ በታላቂቱ ልጇ ውትወታ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄደች። ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳት። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ ሆኖ፣ በየ21 ቀኑ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ስምንት ጊዜ ትወስዳለች፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ሁለት ዓይነት መድኃኒት፣ በኋለኞቹ አራት ዙሮች ሌላ ዓይነት። ይህ ብቻውን ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ የጨረር ሕክምና ይከተላል።

ወረቀቱን ስታሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ብቻ አይታወቅም» አለችኝ። በሕመሟም ጊዜ ጨዋታ አያልቅባትም ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር ለሱቋ ዕቃ መግዣ ባስቀመጠችው ገንዘብ ከፈለች። ሁለተኛውን የአንገት ሀብሏ ከፈለ። ሦስተኛውን ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እኅቷ ላከች። አራተኛውን ጎጃም ያለ ወንድሟ በሬ ሸጦ ከፈለ፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ በሰኔ ምን እንደሚያርስ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ይህ ሁሉ የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ ነው። ከየዙሩ አስቀድሞ የሚደረግ የደም ምርመራ አለ፤ መድኃኒቱን ወስዳ ስትመለስ በተጨናነቀ ታክሲ ቆማ መሄድ ስለማይሆንላት የኮንትራት ታክሲ አለ፤ ከየዙሩ በኋላ ሱቁ ተዘግቶ የሚውልበት ሳምንት አለ። የሱቁ ኪራይ ግን ሱቁ ተዘጋ ብሎ አይቀርም።

ለአምስተኛው ዙር የሚሸጥ ነገር ጠፋ። በዚሁ ጊዜ ነበር የመድኃኒቱ ዓይነት የሚለወጠው፤ አዲሱም መድኃኒት በሆስፒታሉ ፋርማሲ ስላልነበረ ከውጭ ገዝታ እንድታመጣ ማዘዣ ተሰጣት። ማዘዣውን ይዤ ከፒያሳ እስከ መርካቶ በየመድኃኒት ቤቱ ዞርሁ። አንዱ ዘንድ አልቋል፤ ሌላው ዘንድ አለ፣ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ከሦስት ቀን በኋላ ገንዘብ አሰባስቤ ስመለስ ያው ሰው ጨምሮበት ጠበቀኝ። «ምነው?» ብለው፣ «ዶላር» ሲል በአንድ ቃል መለሰልኝ። ገንዘቡ ሞልቶ መድኃኒቱ እስኪገዛ ድረስ ሰባት ሳምንት አለፈ። በየ21 ቀኑ ሊሰጥ የሚገባው ማለት ነው።

ሰባቱ ሳምንት ገደላት ለማለት እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሞቹም እንዲህ አላሉም። እኔ የማውቀው ስምንቱን ዙር ሳትጨርስ ማረፏን ብቻ ነው።

ባረፈች ማግሥት ገና ሳይነጋ የዕድራችን ጥሩምባ ተነፋ። ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው ተጓጓዘ፤ ያልመጣ አባል አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ገንዘብ ያዡ በደንቡ የተወሰነውን ገንዘብ ቆጥሮ ለልጆቿ አስረከበ። ታላቂቱ ልጅ ተቀብላ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ የአምስተኛው ዙር ነው» አለችኝ።

ለዚህ የምመልስላት አላገኘሁም። ይህንን ጽሑፍ የሚያጽፈኝም ይኸው ነው።

ጎረቤቴ እንኳ ቤቷ እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። ከወሎ ወይም ከባሌ የሚመጣው በሽተኛ ሌላ ሒሳብ አለበት። ከድልድዩ ወደ አራዳ ወጥቶ በቸርችል ጎዳና ለሚወርድ ሰው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። የጨረር ሕክምና በዚያ የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ የመላ ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በዚሁ አንድ ግቢ ብቻ ነበር። መሣሪያውም ኮባልት በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚሠራ ነበር፤ የኮባልት ኃይል ደግሞ በአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ኃይሉ በቀነሰ መጠን እያንዳንዱ በሽተኛ ከመሣሪያው ሥር የሚተኛበት ጊዜ ይረዝማል፤ በቀን የሚስተናገደው ሰው ያንሳል፤ ወረፋውም ወራትን ይቈጥራል። ዛሬ በጥቁር አንበሳ፣ በጅማና በሐረር በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አዳዲስ መሣሪያዎች ስለ ተተከሉ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ይህም ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ጨረር በሳምንት አምስት ቀን፣ ለበርካታ ሳምንታት የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ቀን የት ያድራል? ቀድሞ በአራዳ ጓዳ ጓዳ ርካሽ አልጋ ይገኝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለአዲስ ሥራ ሲፈርሱ እርሱም አብሮ ቀነሰ። ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ማኅበር፣ እንዲሁም የካንሰር ሕሙማን ሕፃናት ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ፣ ማረፊያና ምግብ እየሰጡ ብዙዎችን ከጎዳና አድነዋል። አንድ ቤተ ሰብ ከኀዘኑ ተነሥቶ የአገር ያህል ሸክም መሸከሙ ያስደንቃል፤ እኛ ሌሎቻችን ግን በእርሱ ትከሻ ላይ ተደላድለን መቀመጣችን አያስመሰግነንም።

ወደ ዋጋው ልመለስ። መድኃኒት ሻጩ «ዶላር» ማለቱ ሐሰት አልነበረም። የካንሰር መድኃኒቶቻችን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ከውጭ አገር የሚመጡ ናቸው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ጥቂት ወራት ሳያልፉ ከ120 ብር በላይ ሆነ። መንግሥትም በዚያን ጊዜ ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒትና ለምግብ ዘይት ድጎማ እንደሚያደርግ አስታውቋል። የምንዛሪውን ጉዳይ የሚያውቁት ይመርምሩት፤ እኔ የማየው የሕፃን ልብስ የምትሸጥ ሴት ትርፏ በእጥፍ ሳያድግ የመድኃኒቷ ዋጋ በእጥፍ መሄዱን ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉንም በዶላር ማሳበብ አይቻልም። የመድኃኒት ዋጋ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን ሰዎች ተቀምጠው የሚወስኑት ነገር ነው። ለዚህ አንድ ምስክር ልጥራ። ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሚሰጥ ግሊቬክ የሚባል ክኒን አለ። የስዊሱ ኩባንያ ኖቫርቲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ለገበያ ሲያወጣው በአሜሪካ የዓመት ዋጋው 30 ሺሕ ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2012 ወደ 92 ሺሕ ዶላር ደረሰ። ክኒኑ ያው ክኒን ነው፤ አልተሻሻለም። በተከታዩ ዓመት የበሽታው ሊቃውንት የሆኑ ከመቶ የሚበልጡ ሐኪሞች በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ስማቸውን ፈርመው ዋጋውን ተቃወሙ። በዚያው ዓመት የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው የጠየቀውን የፈጠራ መብት ስላልተቀበለ፣ የሕንድ ፋብሪካዎች ያንኑ መድኃኒት በእጅጉ ባነሰ ዋጋ መሸጣቸውን ቀጠሉ። እዚህ በእኛ አገር ደግሞ ይኸው ክኒን ከኩባንያውና ከአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በተደረገ ስምምነት በጥቁር አንበሳ ለሕሙማን በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። በኒው ዮርክ ባለ ገንዘቡን የሚያደኸይ ክኒን በቸርችል ጎዳና ድኻው በነጻ ሲውጠው፣ ዋጋ የሚባለው ነገር ምን ያህል በሰው ፈቃድ እንደ ተንጠለጠለ ይታያል።

እንደዚሁም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ኢትዮጵያን ጨምሮ ስድስት የአፍሪካ አገሮች የካንሰር መድኃኒት በቀነሰ ዋጋ እንዲያገኙ ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ስምምነት ተደርጓል። ብዙ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው ዋጋ ያስቀንሳል፤ ይህን መርካቶ ጅምላ የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ጎረቤቴ ግን የገዛችው በችርቻሮ፣ ብቻዋን፣ በጭንቀት፣ መከራከሪያ በሌለበት ሰዓት ነው። ከዚህ የከፋ የገበያ ቀን የለም።

የጤና መድን የሚባለውም ነገር ብዙ ሆኖ ከመጠየቅ ሌላ ትርጉም የለውም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ፣ እየሰፋ ሄዶ አዲስ አበባም ደርሷል። ለደመወዝተኛው የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድን ግን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 690 ከታወጀ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይሠራበት ቆይቷል። ጎረቤቴ ጤነኛ ሳለች «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ?» ትል ነበር፤ ደብተሩን ያወጣችው ከታመመች በኋላ ነው። ደብተሩ እጇ የገባው ለአምስተኛው ዙር ስትዘጋጅ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ አልነበረም። ደብተሩ የሐኪሙን፣ የአልጋውንና የምርመራውን ይከፍላል፤ የሌለውን መድኃኒት ግን ሊያመጣ አይችልም። ስለዚህ የመድን ደብተር ዋጋ የሚኖረው መድኃኒቱ በመንግሥቱ ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ሳይቋረጥ ሲገኝ ነው። በየ21 ቀኑ ለሚሰጥ መድኃኒት «በሚቀጥለው ወር ይመጣል» የሚለው መልስ አይሆንም። ይህ ሥራ የዕድርም የጎረቤትም አይደለም፤ የመንግሥት ነው፤ ሌላ ሁሉ ነገር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

የዕድር ድርሻ ግን አለ። ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ ሐሳቡን አነሣሁ። የሚከፈለው የሞት ገንዘብ ግማሹ፣ አባሉ ወይም የትዳር ጓደኛው በጽኑ ሲታመም፣ በሐኪም ማስረጃ በሕይወት ሳለ እንዲሰጠው ጠየቅሁ። አንድ አባል ወዲያው ተነሥተው፣ «ታሞ ግማሹን ወስዶ ቢድንስ? በኋላ ሲሞት ምን እንሰጠዋለን?» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ስቄ፣ «ይዳን እንጂ፤ ያን ጊዜ ያልነው ይሁን» አልሁ። ገንዘብ ያዡ ያነሡት ክርክር ግን የሚሳቅበት አልነበረም። «ወንድሜ፣ እኛ ሁለት መቶ አባወራ ነን። በአንድ ዓመት ሦስት ሰው በዚህ በሽታ ቢያዝብን ሣጥኑ ባዶ ይቀራል፤ ድንኳኑንም እንሸጠዋለን» አሉ። ልክ ናቸው። ሞት ለሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ፣ ወጪውም ልኩ የሚታወቅ ነው፤ ካንሰር ግን ልክ የለውም። ሁለት መቶ ሰው አይሸከመውም፤ የሚሸከመው ሚሊዮን ሰው ነው።

በዚህ ምክንያት ሐሳቤን ለወጥሁ፤ አልተውሁትም። ዕድሩ መድኃኒት አይግዛ። የአባላቱን ሁሉ የዓመት የጤና መድን መዋጮ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ደረሰኝ ይክፈል፤ ከየወሩ መዋጮ ላይ ጥቂት ጨምሮ ይሰብስበው። በሕመም ያልተፈተነ ሰው መድንን ይዘነጋል፤ ዕድርን ግን የሚዘነጋ የለም፤ ሦስት ወር ሳይከፍል የቆየ ሰው ስሙ በስብሰባ ሲነበብ ምን ያህል እንደሚያፍር እናውቃለን። ይህ እፍረታችን ለቀብር ካገለገለ ለሕክምናም ያገልግል። የሞት ገንዘቡን ግማሽ በሕይወት ሳለ መስጠቱንም ቢሆን ለታክሲና ለቤት ኪራይ ያህል በትንሹ ብንጀምረው የሚጎዳን አይመስለኝም።

ደግሞ ሴቶቹ አሉ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ይህ በሽታ ገና ካንሰር ሳይሆን የሚታወቅበት ምርመራ በጤና ጣቢያ ይደረጋል፤ የሚቀባውም በውሃ የቀጠነ የኮምጣጤ አሲድ ነው፤ የተለወጠው ሥፍራ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ እዚያው በቀላል ሕክምና ይነሣል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መከላከያ ክትባት መሰጠት ተጀምሯል። በኮምጣጤ ሊታወቅ የሚችል ነገር ተደብቆ ሲቆይ ቤት አሽጦ ይሄዳል። ጎረቤቴ እብጠቷን አንድ ዓመት የደበቀችው ሞኝ ሆና አይደለም፤ ምርመራውን ሳይሆን ከምርመራው በኋላ የሚመጣውን ወጪ ፈርታ ነው። «ካወቅሁት ልከፍል ነው» ትለኝ ነበር። እንግዲህ የዋጋው መናር በሽተኛውን የሚጎዳው ገና በሽታውን ሳያውቅ ነው ማለት ነው። የዕድሩ ሴቶች ለለቅሶ እንደሚሰበሰቡ ሁሉ በአንድ ጠዋት ተሰብስበው ጤና ጣቢያ ቢሄዱ፣ ብቻዋን የምትፈራዋ ከጓደኞቿ ጋር ትደፍራለች። ይህንንም በስብሰባው ብናገር ከወንዶቹ በኩል መጠነኛ ጉምጉምታ ተሰማ፤ ከሴቶቹ በኩል ግን ዝምታ ነበር፤ ዝምታውን እንደ ስምምነት ቈጥሬዋለሁ።

ሰማንያ ዓመት የዘለቁት የዕድራችን ዳኛ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ደንብ በአፍ አይሻሻልም፤ ጽፈህ አምጣ» አሉኝ። ይኸው ጽፌአለሁ። ስብሰባው የወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው።